የሞርተንሩዱ ፈጣን ወርዋሪ

ይልቃል በአርባ ሁለት ዓመቱ የኦስሎ ክሪኬት ተጫዋቾች የሚፈሩት ሰው ሆነ። ጉድ እኮ ነው! ሰውየው ሞርተንሩድ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ የሚያነሳ፣ ደረጃ ሲወጣ የራሱ ወገብ ቋ የሚልበት ሰው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሜልበርን ነው። በስምንት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ሄዶ እዚያው አደገ፤ የክሪኬት ፍቅርም ያዘው። ፈጣን ወርዋሪ ካልሆንኩ አለ። ፈጣን ወርዋሪ ማለት ከሩቅ ተንደርድሮ፣ ክንዱን ሳያጥፍ ኳሷን ለቆ፣ ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ለመጣል የሚሞክር ነው። ይልቃል መንደርደሩን ይችልበታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሰፈሩ ክለብ አራተኛ ቡድን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሲቆይ ዘጠኙን ያሳለፈው ለሚጫወቱት ውኃ በማመላለስ ነበር።

ኋላ ሀረገወይንን አግብቶ፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ስታገኝ ተከትሏት ኦስሎ ገባ። አንድ ቀን የተሰበረ ጣቱን ራጅ ሊነሳ አብዱልከሪም የሚባል ወጣት መጣ። ወላጆቹ ከሐረር የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ኦስሎ ቫይትቬት ሰፈር ተወልዶ ከፓኪስታናውያን ጎረቤቶቹ ጋር ክሪኬት ሲጫወት ያደገ፣ የአንድ ትንሽ ክለብ አምበል ነው። ይልቃልም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አውስትራሊያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ፈጣን ወርዋሪ ነበርኩ አለው። ውሸት የለበትም፤ ውኃዋን ብቻ ነው የዘለላት።

በሳምንቱ «አውስትራሊያዊው መጣ» የሚል ወሬ ሜዳውን ሁሉ አዳረሰ። የመጀመሪያ ኳሱ በመቺው አናት ላይ አልፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። መቺው ይስቃል ሲባል ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሆን ብሎ ሊፈነክተኝ ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ። ከመስመር የወጣ ኳስ ለተጋጣሚ ነጥብ ያስገኛል፤ ደግሞም እንደገና ይወረወራል፤ ስለዚህ በአንድ ተራ የሚወረወረው ስድስት ኳስ ለይልቃል አሥራ አንድ ሆኖ አረፈው። የጨዋታው ወቅት እስኪጋመስ እንጨቶቹን ጥሎ አንድ መቺ እንኳ ከጨዋታ አላስወጣም። ግን ማንም ደፍሮ አልሳቀበትም።

የሳቀችው ሀረገወይን ናት፤ እንባዋ እስኪፈስ። ንገራቸውና ይውጣልህ አለችው። እሱ ግን ከነገርኳቸው ያባርሩኛል ብሎ ፈራ። በዚህ ከተማ ቅዳሜ ሲመጣ ስሙን ጠርቶ የሚፈልገው ያ ቡድን ብቻ ነው። ያ ከቀረ፣ ቅዳሜው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረፋ መጠበቅ ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ደረሰ። ከተሸነፉ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳሉ። ማዮርስቱን ጣቢያ ከአብዱልከሪም ጋር ባቡር ሲጠብቁ ይልቃልን አላስችለው አለ።

«አብዱል፣ እኔ እኮ አውስትራሊያ ውስጥ ውኃ አመላላሽ ነበርኩ።»

አብዱልከሪም ከስልኩ ላይ ዓይኑን አላነሳም። «አዎ፣ አውቃለሁ። ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሮ።»

ታዲያ ለምን አቆየኸኝ አለው።

«አንተን ሲያዩ ይርዳሉ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆኖ ቀርፋፋ ኳሴ ስትመጣላቸው ተገላገልን ብለው ይዘላሉ፤ ያኔ አስወጣቸዋለሁ። ዛሬ ግን ይልቄ፣ አደራህን እንዳትወረውር። ለእነሱ ነጥብ ትሰጥብናለህ። ተሟሟቅ ብቻ።»

ይልቃልም ተሟሟቀ። ቀኑን ሙሉ ሜዳው ዳር ቆሞ ክንዱን አሽከረከረ፤ ሠላሳ እርምጃ ተንደርድሮ እየመጣ ቆመ። መቺዎቹ እሱን በዓይናቸው ሲጠብቁ የአብዱልከሪም ቀርፋፋ ኳስ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ዕረፍት ሲሆን ውኃ የሚያመላልስ ተቀያሪ ስላልነበራቸው፣ ውኃውን እሱ አመጣ። በዚህ እንኳ አይታማም፤ ጠብታ አልደፋም። እስካሁን በዕድሜው እንደዚያ ቀን ለቡድን ጠቅሞ አያውቅም።

አሸነፉ። የተጋጣሚው አምበል እየሮጠ መጥቶ የይልቃልን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ልጆቼ በደህና ወደየቤታቸው እየገቡ ነው፤ ስላልወረወርክብን እግዜር ይስጥልን አለው። ይልቃል እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። አብዱልከሪምን አየ፤ አብዱልከሪም ጫማውን ይፈታል።

«ለከርሞ ግን አልምራችሁም» አለ ይልቃል፤ ባዶውን የውኃ ጆግ ከጀርባው ደብቆ።