ዘሩና አሸዋው

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ዘርፈሽዋል ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቂሟን እንደያዘች ሮም ካለው ቤተ ክርስቲያን አንድ እሑድ አልቀረችም። ነጠላዋን አጣፍታ ትቆማለች፣ ትሰግዳለች፣ ታስቀድሳለች፤ አንድ ቀንም አላሳላትም። ቂም የያዘችበት ሰው ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ ከወንዶቹ ወገን፣ ከፊት ነበር የሚቆመው። ዶክተር ዓባይነህ ይባላል። የቀድሞ ባሏ፣ የሦስት ሴት ልጆቿ አባት፣ አሁን ደግሞ በሮም የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀ መንበር ነው።

ዓባይነህ የዘር ሊቅ ነበር። የሰብሉን ዘር ማለት ነው። ሮም ካሉት ዓለም አቀፍ የምግብና የእርሻ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ሲቀጠር ገና ያገባትን ዘርፈሽዋልን ይዞ መጣ። ስንዴው ከምን ቢዳቀል ምን እንደሚወጣው ሲያስረዳ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማው ነበር። ከሁሉም አብልጣ የምትሰማው እሷ ነበረች፤ ትወደው ነበራ።

መጀመሪያ ማርቲ ተወለደች፤ ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። ወጉ ነው፤ ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት። ቀጥላ ሳምራዊት መጣች፤ አሁንም ሦስት ተባለ፣ ዓባይነህም ፊቱን እንዳጠቆረ ወጥቶ ሄደ። ሦስተኛዋ ሮሐ ከሆስፒታል ቤት ስትገባ ግን ሴቶቹ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እጁን አነሣ።

«ተዉ፣ ኮንዶሚኒዮው ይረበሻል» አለ። «ደግሞስ ምን ተገኘና ነው?»

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣም አባቷ «ሚሲዮኔ አለብኝ» ብሎ ለሥራ ናይሮቢ ሄደ። በክርስትናዋ ፎቶግራፍ ላይ ዘርፈሽዋል ሕፃኗን ታቅፋ ብቻዋን ቆማለች፤ አጠገቧ ያለው ባዶ ቦታ ሁለት ሰው ያቆማል።

ዓመት ሳይሞላ ፍቺ ጠየቀ። ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ በነበረው ቤታቸው ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዋናው ጋሽ ፍሰሃጽዮን ነበሩ፤ ከሁሉም ቀድመው ሮም የገቡ፣ ቃላቸው መሬት የማይወድቅ ሰው። ዓባይነህ በስውር ስለያዛት ሌላ ሴት ትንፍሽ አላለም። የአባቴ ስም የሚጠራበት ወንድ ልጅ ሳላገኝ ልቅር ወይ ነበር ያለው። «ይሄማ የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ሲሉት በዚያ በሚጥም አንደበቱ መለሰ።

«ጋሽ ፍሰሃጽዮን፣ እኔ የዘር ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ነው። ዘሩ ደህና ነው። መሬቱ ነው ሴት ብቻ የሚያበቅለው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተማረ ሰው ከተናገረ ማን ይከራከራል? ዘርፈሽዋል ልትናገር ብድግ ስትል «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው አስቀመጧት። ፍቺው ጸደቀ። ከሁሉም የሚያንገበግበው ግን እሷም ራሷ ያን ቃል ማመኗ ነበር። ጸበል ጠጣች፣ ስለት ተሳለች፣ የገዛ ማሕፀኗን ረገመች።

ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በባሏ በኩል የወጣ ስለነበረ ሥራ ካልያዘች አገር ልቀቂ ሊሏት ሆነ። እናም ባዳንቴ፣ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ሆነች፤ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊትን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታሳድራለች። እሳቸው ሲሞቱ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሦስት ልጆቿን ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ በሁለት ክፍል ቤት አሳደገች። ዓባይነህ በበኩሉ ሌላ አገባ፤ ኢዮብ የሚባል ወንድ ልጅም ወለደ። ያን ጊዜ እልልታው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰባቱም ሳይጎድል ቀለጠ። ዘርፈሽዋልም ከሴቶቹ መሃል ቆማ እያንዳንዱን ቆጠረች። እግዚአብሔር ፈርዶብኛል ብላ ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ሮሐ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ልጅቱ ማድ ቤት ተቀምጣ ትምህርቷን እያጠናች፣ እናቷም ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ማማ፣ ታውቂያለሽ? ልጅ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በአባቱ ነው። ከእናት የሚመጣው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው።»

ዘርፈሽዋል ቢላዋውን አስቀመጠች። «ማነው ያለሽ?»

«ላ ፕሮፍ፣ አስተማሪያችን ናታ! ሁሉም ሰው ያውቀዋል እኮ።»

ሁሉም ሰው! ዘርፈሽዋል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያልተማረ ገበሬ ላያውቅ ይችላል፤ ሽማግሌዎቹም ላያውቁ ይችላሉ። የዘር ዶክተር ግን አላውቅም ነበር ሊል አይችልም። ዓባይነህ ያን ቃል ሲናገር ውሸት መሆኑን እያወቀ ነው የተናገረው። እሷ ማሕፀኗን ስትረግም እሱ እያወቀ ነው ተኝቶ ያደረው። እስከዚያ ቀን የነበራት ሐዘን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቂም ሆነ።

ሄዳ ፊት ለፊት አልጮኸችበትም። በስልክ ብትናገረው ይዘጋባታል፤ ለሽማግሌ ብትናገር «ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው» ይሏታል። በሰው ፊት የተነገረ ቃል በሰው ፊት ነው መመለስ ያለበት፤ ያውም ከራሱ አፍ። ሮሐም አባቷን ትወዳለች፤ ጄላቶ ሲጋብዛት ያደገች ልጅ ናት፤ ለምን ጥሏቸው እንደሄደ ማንም አልነገራትም። ስለዚህ ዘርፈሽዋል ቀን ጠበቀች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሮሐ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ተማረች፤ በሙቀቱ ወራትም የባሕር ኤሊ ከሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ጋር መዋል ጀመረች። ከሮም በስተደቡብ ባለ የባሕር ዳርቻ ኤሊ ወጥታ እንቁላል ስትቀብር እየከለሉ ይጠብቃሉ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሮሐ የኤሊን ነገር ለእናቷ አጫወተቻት፤ እንቁላሉ ሲቀበር ጾታ እንደሌለው፣ ወንድና ሴት የሚለየው የአሸዋው ሙቀት እንደሆነ።

«መሬቱ ነው በይኛ!» አለች ዘርፈሽዋል፤ ከዚያም ሮሐ እስክትደነግጥ ድረስ ሳቀች። ዓባይነህን እንደምታውቀው ከሆነ፣ ይህን ሰምቶ አፉን መያዝ አይሆንለትም።

የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ማኅበሩ በየዓመቱ ባሕር ይወርዳል። ዘርፈሽዋል በስብሰባው ላይ በትሕትና እጇን አወጣች። ዘንድሮ ልጃችን ሮሐ የኤሊዎቹን ቦታ ብታስጎበኘን አለች። ሊቀ መንበሩ ደስታውን አልቻለውም፤ «ልጄ እኮ ናት!» ብሎ አስጨበጨበ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

ባሕር በወረዱበት ቀን ከሰዓት በኋላ አሸዋው እግር ያቃጥል ነበር። ሮሐ ጓንቷን አጥልቃ ከጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክካለች። ከጉድጓዱ እስከ ውሃው ድረስ አሸዋው ተስተካክሎ ግራና ቀኙ በገመድ ተከልሏል። የማኅበሩ ሰው በገመዱ ዙሪያ ቆመ፤ ለጋሽ ፍሰሃጽዮን ወንበር ተዘርግቶላቸዋል።

«አሎራ» አለች ሮሐ፣ «አብዛኞቹ ሰሞኑን ተፈልፍለው ባሕር ገብተዋል። ዛሬ የምንከፍተው ታፍነው የቀሩ ካሉ ለማውጣት ነው። እናትየው እንቁላሏን ቀብራ ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ ውስጡ ያለው ወንድም ሴትም አይደለም። አሸዋው ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ይሆናሉ። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ወንዱ ይበዛል፤ ሲሞቅ ሴቷ ትበዛለች። የዘንድሮን ሙቀት መቼም አይታችሁታል።»

«ሁሌ እንዲህ ከሞቀስ?» አለ አንዱ።

«ወንድ እየጠፋ ይሄዳል። የምንፈራውም እሱን ነው።»

ከጉድጓዱ አራት ጫጩት አወጣች፤ እያንዳንዳቸው መዳፍ አይሞሉም፣ እግራቸውን ያወራጫሉ። ወንድ ናቸው ሴት ብለው ሲጠይቋት በዓይን እንደማይለይ፣ በዚህ ሙቀት ግን ሴት ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ነገረቻቸው።

ዓባይነህ አልቻለም። በደንብ ለማየት ገመዱን ተሻግሮ ቆሟል።

«ጋሽ ፍሰሃጽዮን፣ አላልኩዎትም?» ብሎ ሳቀ። «ዘሩ ምን አደረገ፤ መሬቱ ነው!»

አንዳንዱ አብሮ ሳቀ። የዚያን ጊዜውን የሚያስታውሱት ግን ዞረው ዘርፈሽዋልን አዩ። እሷም ደስ አላት። ያቀረበችለትን ጎርሷል።

«ዶክተር» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «እርስዎ የዘር ሰው ነዎት፤ እኛ መሃይሞቹ እንዳንሳሳት ይንገሩን። ይሄ የኤሊው ነው። በሰውስ? ወንድና ሴት የሚለየው በእናት ነው በአባት?»

«ዘርፈሽ፣ አሁን ይሄ ቦታው ነው?» አለ፤ ሳቁ ገና ከፊቱ አልጠፋም። «ሁሉም የእግዚአብሔር ሥራ ነው።»

«ያኔ እኛ እንደዚያ ስንልህ አንተ አይደለም አልከን» አሉ ጋሽ ፍሰሃጽዮን፣ በምርኩዛቸው አሸዋውን ወጋ እያደረጉ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ነገር ግን አይረሱም። «መሬቱ ነው አልክ። እኔም በዚያው ነው የፈረድኩት። እስቲ ንገረን።»

ሮሐ እጇ ጉድጓድ ውስጥ ስለነበር የነገሩን አካሄድ አልተከታተለችም፤ ጥያቄውን ብቻ ሰምታ ቀና አለች።

«በአባት ነው እንጂ! የእናት ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚወስነው የአባት ዘር ነው። ዳይ ፓፓ፣ ንገራቸው እንጂ! አንተ እኮ እኔ ሳልወለድ የተማርከው ነው።»

ጋሽ ፍሰሃጽዮን ምርኩዛቸውን ወደ ዓባይነህ አዞሩ።

«እያወቅህ ነው?» አሉ ጋሽ ፍሰሃጽዮን።

«ያኔ እኮ ነገሩ…»

«እያወቅህ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«…አውቅ ነበር።»

ዘርፈሽዋል ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። በጠማው ጉሮሮ እንደሚወርድ ውሃ ጣማት። ጋሽ ፍሰሃጽዮን በምርኩዛቸው ተደግፈው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ልጄ፣ በሐሰት ፈርጄብሻለሁ። ይቅር በይኝ። እሱንም…»

«እርስዎን ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። እሱን ግን አልልም። ይሄን ከአፉ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ገና አጣጥሜ አልጨረስኩም።»

ሮሐ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። «ክርስትናዬ ላይ ያልነበርከው ለዚህ ነው?» አለችው። «ጥለኸን የሄድከው… ሴት ስለሆንኩ?»

«ሮሐዬ፣ እኔ ሚሲዮኔ ነበረብኝ…»

አላስጨረሰችውም፤ ወደ እናቷ ዞረች። «አንቺም ይሄን እንዳወራ ነው እዚህ ያመጣሽኝ።»

«አዎ» አለች ዘርፈሽዋል። የልጇን ዓይን አየች፤ ጸጸት ግን ብትፈልግ አጣች።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ። ካንቺ ጋር ቤት እንነጋገራለን።»

ሮሐ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና ጫጩቶቹን አንሥታ በተስተካከለው አሸዋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዓባይነህ አሁንም መንገዳቸው መሃል ቆሟል። አፍ ከፈታች ጀምሮ ፓፓ እና አንተ ስትለው የኖረች ልጅ ናት።

«ይቅርታ፣ ዞር ይበሉ» አለችው። «መንገዱን እየረገጡት ነው።»

ዓባይነህ ማንን እንዳለች ለማየት ወደ ኋላው ተገላመጠ። ከኋላው ማንም አልነበረም። ገመዱን ተሻግሮ ወጣ፤ አጠገቡ የነበሩትም ሰዎች ቀስ ብለው ራቅ አሉለት።

ጫጩቶቹ እየተንፏቀቁ ወረዱ። አንዷ ተገለበጠች፣ ተቃናች፤ ከሁሉም ኋላ ቀርታ ማዕበሉ ነካትና ውሃው ወሰዳት። እንዲህ ባለው ጊዜ ሴቶቹ እልል ማለት ነበረባቸው፤ ግን ማን ይድፈር? ሁሉም ዘርፈሽዋልን አዩ።

ዘርፈሽዋል ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስ አደረገች፤ ከባሕሩ ፊቷን መልሳ ዓባይነህን አየችው፤ ጀመረችም። እዚህ ኮንዶሚኒዮ የለም። አንዴ አለች፣ ሁለቴ አለች፣ ሦስቴ አለች። ዓባይነህ አንገቱን ደፍቶ እየቆጠረ እንደሆነ ታውቃለች። ሦስት ላይ አላቆመችም።