ከአንድ ቤት ሁለት ጉዳይ

አያቴ ምስጢር መያዝ የማትችል ሴት ነበረች። የሞተችው ግን ሕመሟን ከሰው ሁሉ ደብቃ ነው። ይኼ ነገር እስካሁን ያበግነኛል።

እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች፣ ሆሳዕና ውስጥ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እማዬ ነበር የምላት። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት አለ። የጨነቃት ሴት ተነስታ ጉዳይዋን ትናገራለች፤ ሌሎቹ ይይዙላትና ሳምንቱን ሙሉ በየቤታቸው ይጸልዩበታል። ደግ ነገር ነው። ችግሩ እማዬ የራሷ ጭንቀት የሚባል ነገር አልነበራትም። ጭንቀቷ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚነገረው የእኔ ጉድ ነው።

ሂሳብ ስወድቅ ተነገረ። ብጉር ፊቴን ሲወርረው ተነገረ። የማትሪክ ውጤት በምንጠብቅበት ሰሞን ለዘመድ ሰርግ ጃጁራ የምትባል ከተማ ሄጄ፣ በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ጎመን ሻጭ እጄን ለቀም አድርጋ ውጤቱ መጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለካ እህቷ ከእማዬ ጋር ነው የምትጸልየው። ቤት ተመልሼ ስጮህባት ቅንጣት አልደነገጠችም።

"እኔ ለሰው አልተናገርኩም" አለች። "ለጌታ ስነግረው ሴቶቹ ሰሙ።"

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ምን ተብሎ ክርክር ይገጠማል?

ከዚያ አገባሁ። የባሌ ቤተሰቦች ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጉራጌዎች ናቸው። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት ተጨመረ፣ ልጅ የለም። ለአማቴ ሥራ በዝቶብን ነው፣ ትንሽ እንደላደል ብለን ነው እያልን እናድበሰብሳለን። አንድ ቀን ሱቃቸው ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴት መልሷን እየተቀበለች፣ አይዞዎት፣ ለምራትዎ ማህፀን በርትተን እየጸለይን ነው ብላቸው ሄደች። አማቴ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ለእኔ ምንም አላሉኝም። የነገረኝ ባሌ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ግን እሳቸው ቤት ስንሄድ ከባዱን ዕቃ ከእጄ ይቀበሉኝ ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። በጭቃው እየተንሸራተትኩ እማዬ ቤት ሄድኩና፣ የእኔን ጉዳይ ዛሬውኑ ከጸሎቱ ካላስወጣች ዳግመኛ ደጇን እንደማልረግጥ ነገርኳት። እሺ አለች። ድንች እየላጠች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም።

በቀጣዩ ክረምት ሻሿን ስታስር ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልሄድ አለ። ብርድ ነው አለች። በቅባት ላሽሽ ብዬ ብዙ ከታገልኳት በኋላ ብብቷ ሥር እጄን ሳስገባ፣ ጠጣር እባጭ አገኘሁ። ጡቷ ላይም ሌላ አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው ስላት፣ ካለፈው መስቀል በፊት ነው አለችኝ፣ ስለ ሰው ሕመም የምታወራ ይመስል። ሆስፒታል ወስጃት ሐኪሙ አይቶ ሲጨርስ እኔን ለብቻዬ ወደ ውጭ ጠርቶ፣ ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ጮህኩባት። የታመመ ሰው ላይ አይጮህም፤ እኔ ጮህኩ። ለእኔስ አትንገሪኝ፣ የእኔን ብጉር እስከ ጃጁራ ያዳረስሽ ሴትዮ፣ ለእነዚያ ሴቶች እንዴት ይኼን ሳትነግሪ ቀረሽ አልኳት። ከሴቶቹ ውስጥ ሁለቱ ነርሶች ናቸው። አንዷ ብትሰማ ጎትታ ታሳክማት ነበር።

"ከአንድ ቤት ሁለት ጉዳይ አይያዝም" አለችኝ። "ጸሎቱ ይከፈላል። ያንቺ ቀድሞ ተይዟል። አውጥቼ የእኔን ላስገባ?"

አላስወጣችውም ማለት ነው። እሺ ብላኝ፣ አንድም ረቡዕ አላስወጣችውም።

የገና በዓል ሳይደርስ አረፈች። ድንኳን ውስጥ ሰው ቀለል ሲል ጸሎቱን የሚመሩት እናት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የሆነ ሰው ላይ መጮህ እፈልግ ስለነበር፣ ይኼን ሕግ ያወጣው ማነው ብዬ ጠየቅኳቸው። የምን ሕግ አሉኝ። ነገርኳቸው። ግራ ገባቸው። ማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም አሉኝ፤ ከአንድ ቤት አምስት ጉዳይ ይዛ የምትመጣም አለች፣ ማንን ከለከልን? እማዬ ከራሷ ጭንቅላት ያወጣችው ነው። ጌታ የሰው ጉዳይ ሲበዛበት የሚደናገር መስሏት ነው። ያን ጊዜ ከተቀበረችበት ቀስቅሼ ልጨቃጨቃት አማረኝ።

ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ አልጋ ላይ ሆናም ረቡዕ ሲደርስ ሰው እየላከች ያንቺን ታስታውሰን ነበር። እንቀጥል ወይስ ይቅር?"

ይቅር ልል አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት እማዬን ስለምናት የኖርኩት ይኼንኑ ነው።

"ቀጥሉ" አልኳቸው፣ ጥርሴን ነክሼ። ስትቀበር ያልመጣልኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ።