አዝማሪው ያልተቀበሉት ግጥም

በምኖርበት ከተማ በየዓመቱ የብሉዝ ሙዚቀኞች ይሰበሰባሉ። ዘፋኙ፣ ጊታር መቺው፣ ሸክላ አሳታሚው፣ ኮንሰርት አዘጋጁ ሁሉ ሦስት ቀን አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰነብታል። ባለፈው ጊዜ የሥራ ባልደረባዬ ቲኬት ቆርጣልኝ ነበር። ጾም ነው ብዬ ቀረሁ። ጾም መሆኑስ እውነት ነው፤ የቀረሁት ግን በጾሙ ምክንያት አልነበረም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በጾም ማመካኘቱ ከበደኝና ምክንያቱን ልጽፈው ተቀመጥሁ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሪጌታ ነበር፤ ከሞተ ዓመት ስላልሞላው እኔም እናቴም ጥቁር እንደለበስን ነን። ታላቅ ወንድሜ ለውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ደብዳቤው ከተቋረጠ ስምንት ወር ሆኖታል። እናቴ ሰው ሲጠይቃት "ወረቀት አልቆባቸው ነው" እያለች ትመልሳለች።

ያን ሰሞን በከተማችን የአዝማሪዎችና የኪነት ሰዎች ስብሰባ ተጠራ። ከደልጊ፣ ከይፋግ፣ ከጎንደር ዙሪያ ማሲንቆ ያነገቡ መጡ፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ የካሴት ቤት ባለቤቶች፣ ድምፅ ቀራጮችና የኪነት ኃላፊዎች። ረቡዕ ተጀምሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሕዝብ ፊት ይዘጋል ተባለ። እኔን መሥሪያ ቤቴ ለምዝገባ አዋሰኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። አባቴ አዝማሪ ሲመጣ ካየ መንገድ ለውጦ የሚሄድ ሰው ነበር። እናቴ ግን የዘጌ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ በየሠርጉ ለአዝማሪ ግጥም በመስጠት የታወቀች እንደነበረች አክስቶቼ ሲያሟት ሰምቻለሁ። አዝማሪ ሲጫወት አድማጩ "ተቀበል" ብሎ ሁለት መስመር ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ስድብ ይሁን ውዳሴ፣ ቃሉን ሳያዛባ በዜማ ይመልስለታል። የተሰጠውን ያልመለሰ አዝማሪ አዝማሪ አይባልም።

ረቡዕ ጠዋት ከይፋግ የመጡ፣ ሃምሳውን ያለፉ አዝማሪ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ዛሬ አንቱ እያልሁ እጽፋለሁ፤ ያኔ በአፌ "እርስዎ" ብልም በልቤ "አንተ" ነበር ያልኋቸው።

"ምን ይዘፍናሉ?" አልሁ ከቅጹ ቀና ሳልል።

"ሰው የሰጠኝን።"

"ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ ይጸድቃል ተብሏል።"

"እንግዲያ አንቺው ጻፊልኝ። የብዕር አያያዝሽ የመሪጌታ ነው።"

ከኋላቸው የተሰለፉት ሳቁ።

"የመሪጌታ ልጅ ነኝ" አልሁ ኮስተር ብዬ።

እሳቸው ግን ሳቃቸውን ተዉት። ፊቴን ትክ ብለው አዩና የአባቴን ስም ከነማዕርጉ ጠሩት፤ ቀጥለውም ወንድሜን በቤት ስሙ። ከኪነት ቡድን ጋር ሰሜን ሲዞሩ ከእርሱ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ከርመው ኖሯል። ጥቁር ልብሴን አዩ፣ ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ። እናታችሁ እንዴት ቻሉት?"

እስክሪብቶው ከእጄ አልወደቀም። "የትውልድ ቦታ፦ ይፋግ" ብዬ ጻፍሁ። ከፊቴ ምን እንዳነበቡ አላውቅም፣ ብቻ እጃቸው ባርኔጣው ላይ ቀረ። ጥቁሩ የአባቴ ሐዘን መሆኑን፣ የወንድሜን መርዶ የነገሩኝም እሳቸው መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው የተረዱት።

ለምሳ ስንወጣ ዛፍ ጥላ ሥር አገኘኋቸው።

"ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ" ብዬ ለመንኋቸው።

"መርዶ በቀትር፣ በመንገድ እንደማይነገር እኔም አውቃለሁ፤ በአንቺ ላይ ያደረግሁትን እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ቶሎ አድርጊው፣ ልጄ። እኔ ብዙ ዝም ማለት የለመድሁ ሰው አይደለሁም።"

በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ ነው። ባለሐዘኑ እህል ሳይቀምስ፣ የንስሐ አባትና ሽማግሌ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ተቀምጠው፣ በቃል አባብለው ይነግሩታል። የንስሐ አባታችን ዘጌ ናቸው። በጀልባ ለሚሻገር ዲያቆን መልእክት ሰጠሁት፤ ዓርብ ማታ እንደሚገቡ፣ ቅዳሜ ሲነጋ እንደሚመጡ ላኩብኝ። እስከዚያ መቻል የእኔ ፈንታ ነበር። ቁርስ አቀረብሁላት፣ ስለ ሥራ አወራኋት፣ ማታ ማታ አብረን ጸለይን። በጸሎቷ ወንድሜን በሕይወት እንዲመልስላት ስትለምን "አሜን" አልሁ። ይህን ለንስሐ አባቴም የተናገርሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ዓርብ ቀን ከየቤቱ አንድ ሰው ስብሰባው መዝጊያ ላይ እንዲገኝ ቀበሌው አዘዘ።

"እኔ እዚያው ስለምውል የቤታችን እቈጠራለሁ" አልኋት።

"እኔም እሄዳለሁ። ሰሜን የዞሩ አዝማሪዎች አሉ አሉ። ልጄን ያየ አይጠፋም።"

"እማ፣ በጥቁር ልብስ ዘፈን ልትሰሚ?"

"አባትሽ አይቀየመኝም። ልጁ የእርሱም ነው።"

ያኔ በሩን ዘግቼ ልነግራት እችል ነበር። አባ ደግሞ በመንገድ ላይ ናቸው። አንድ ሌሊት ነው የቀረው፣ ወጉን አላፈርስም አልሁ። ነጠላዋን አቀበልኋት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ስብሰባውን የሚመራው የኪነት ኃላፊ ከጸደቀው ግጥም ውጭ እንዳይዘፈን አስጠነቀቀ። ከአዲስ አበባ የመጣው የካሴት ነጋዴ፣ ሆዱ ከኮቱ የተጣላ ሰው፣ ተነሥቶ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ተቀበል የሌለበትን ካሴት ማን ይገዛኛል?" ብሎ ተከራከረና ለግማሽ ሰዓት ተፈቀደ። የይፋጉ አዝማሪ ገና ሲነሡ አንዱ የደልጊ ሰው ነጋዴውን እያየ "ተቀበል" ብሎ ሁለት መስመር ሰጣቸው። እሳቸውም ሳያመነቱ መለሱለት፦

የካሴት ነጋዴ ሆድህ ገፋ ገፋ፣
የእኛን ድምፅ በልተህ ነው እንዲህ የምትሰፋ።

ነጋዴው ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ክንዷን ያዝሁ፤ ቀስ አድርጋ አስለቀቀችኝ።

"ተቀበል" አለች።

ከሰሜን የመጣህ በረሃውን አይተህ፣
ልጄ ደኅና ነው ወይ ንገረኝ አጣርተህ።

አዝማሪው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ደጋኑን ሳቡ። እናቴ ግጥሟ እስኪመለስላት ቆማ ትጠብቃለች። ዜማው ደርሶ ቃሉ የሚገባበት ቦታ ላይ አፋቸው ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እንደገና ከመነሻው ጀመሩ። እዚያው ሲደርሱ እንደገና ቀረ።

"ተቀበሉ እንጂ ጋሼ፣ ቴፑ እየሄደ ነው" አለ ነጋዴው።

"ይህን አልቀበልም" አሉ። ማሲንቆውን ከጉያቸው አውጥተው መሬት አስነኩት፤ ወገባቸውን ሰብረው ለእናቴ እጅ ነሡ።

እናቴ ተቀመጠች። ስድቡንም ቧልቱንም የሚመልስ አፍ ይህን አልመልስም ማለቱ ምን እንደሆነ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አላለቀሰችም። ሌላ አዝማሪ ተጠርቶ ጨዋታው ሲቀጥል ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ተከተልኋት።

በሐይቁ ዳር መንገድ ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረችው።

"ከመቼ ነው የሰማሽው?"

"ከረቡዕ።"

"ማን ሊነግረኝ ነበር?"

"አባ። ነገ ሲነጋ።"

ጥቂት ተራመደችና ቆመች።

"እንግዲያ እስከ ነገ አልሰማሁም። የልጄ መርዶ በዘፈን አዳራሽ አይሆንም።"

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ፊቷን ታጥባ፣ መደቡ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በሩ ሲንኳኳ ራሷ ከፈተች። አባ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው።

"በደኅና ነው አባ፣ እንዲህ በማለዳ?" አለቻቸው፤ መስቀሉን ተሳለመች፣ መቀመጫ ሰጠች። አባ ስለ ጻድቁ ኢዮብ አነሡላት። ሁሉንም ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ አንድም ሳታቋርጥ ሰማች። የወንድሜን ስም ሲጠሩ ነው የጮኸችው። ጎረቤቱ ሁሉ ያን ሰዓት የተረዳች መስሎት እየሮጠ መጣ።

ስለዚያ ሦስት ቀን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ስለማንኛውም ነገር "ደኅና ነው" ስላት አፌን ትታ ዓይኔን ታይ ነበር። እኔ አገር ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ፣ እስክትሞት ድረስ፣ በየበዓሉ ስልክ እደውልላት ነበር። "ደኅና ነሽ?" ትለኛለች። "ደኅና ነኝ፣ እማ" እላታለሁ። ዝም ትላለች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እደግምላታለሁ።