ጠቋሚውን እንዳትነካ

በጃንሆይ ዘመን ጅማ ውስጥ ሬዲዮ እጠግን ነበር። አንድ ቀን አባ ፊጣ የሚባሉ የሰቃ ከተማ ቡና ነጋዴ ጎኗ የተጨራመተ መኪናቸውን ይዘው መጡ።

«ጆሮዬ ደክሟልና ድምፁን አጉላልኝ» አሉኝ። «ሬዲዮው ግን ከመኪናዋ ጋር የመጣው ራሱ ይሁን። የጣቢያ ጠቋሚውንም እንዳትነካ።»

ማጉያ ጨምሬ ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት ትልልቅ ስፒከር ገጠምኩ። ስከፍተው መኪናዋን የሞላው መንሿሿት ብቻ ነው።

«አባ ፊጣ፣ እዚህ ላይ ጣቢያ የለም። ትንሽ ላዙረው?»

«ዲሲ! ተው!» ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸው እጄን ለቀም አደረጉት። «መኪናዋ ስትገለበጥ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ጣቢያ እየፈለገ ነበር። ያቆመው እዚህ ላይ ነው።»

«ነፍሱን ይማረው። ማን ነበር የሚነዳው?» አልኳቸው።

«እኔ» አሉና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።