የእትዬ ቁርስ

ታላቅ እህቴ እትዬ ቀኝ እጇን ማንሳት ያቃታት ባለፈው ክረምት ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው፣ ይለቀኛል አለች። ከጉና ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ጥርስ ቢያመው ብርድ ነው፣ ሆዱን ቢነፋው ብርድ ነው፣ ባልና ሚስት ቢኮራረፉ እንኳ ጥፋቱ የብርድ ነው። መስቀል አለፈ፣ ገናም ደረሰ፣ እጇ ግን ከደረቷ በላይ አልወጣ አለ። ነጠላዋን በግራ እጇ ማጣፋት ለመደች። ሻሿን የምታስርላት ልጇ ሆነች።

ያቺ ልጅ ደግሞ ለጥር መጨረሻ የሰርጓ ቀን ተቆርጦላታል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። እትዬ ለሀገሩ ሁሉ ከበሮ መቺ ናት። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ በዚያ ቀበሌ እሷ ያልመታችበት ሰርግ አላስታውስም። በእኔ ሰርግ መዳፏ እስኪያብጥ መትታ፣ በማግስቱ ሊጧን ያቦካላት ጎረቤት ነው። አሁን አንዲት ልጇን ስትድር ከበሮው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሊቀር ሆነ። ሌላ ሴት ትምታ ሲሏት ትስቅና ወሬ ትለውጣለች። አንድ ቀን ግን ሁለታችን ብቻ ሆነን ድንች ስንልጥ ቢላዋዋን አስቀመጠችና፣

«ለሰው ልጅ ስመታ ኖሬ፣ ለልጄ ዳር ቆሜ ልይ?» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልነቀልኩም፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደግሞ ጠባዬ ነው፣ ችግር ሰምቼ ቁጭ ማለት አልችልበትም፤ ባሌ «ችኩሏ» የሚለኝ በከንቱ አይደለም። በሳምንቱ እኔ ወዳለሁበት ደብረ ታቦር አምጥቼ ሐኪም አሳየኋት። ትከሻዋ ደርቋል፣ ሙቀት ይፈልጋል፣ መታሸት ይፈልጋል፣ በየቀኑ ይንቀሳቀስ አለን። እሷ እሺ፣ እሺ ብላ ቤቷ ገባችና ትከሻዋን በጋቢ ጠቅልላ ተቀመጠች።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ ናት የወንዛዬውን ሆቴል ያወራችልኝ። ከፍል ውሃው አጠገብ ነው፤ እንፋሎት አለው፣ ማሳጅ አለው፣ ቁርስም ከክፍሉ ጋር አብሮ ነው አለችኝ። ያን ዕለት ፈቃድ ሞላሁ። ለእትዬ ሆቴል እንሄዳለን ስላት፣ ቤት እያለኝ ሆቴል ምን ልሠራ ብላ ተቆጣች። ወንዛዬ ስላት ግን ዝም አለች። አያታችን በእግራቸው ሄደው እዚያ ውሃ ተጠምቀው እንደዳኑ ሲነገራት ነው ያደገችው። ዝምታዋን እሺታ ብቻ አድርጌ ወሰድኩት፤ በጭንቅላቷ ውስጥ ምን እየተቋጠረ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ ተነሣን። ለሁለት ቀን ነው የያዝኩት። ሐሙሲት ከሚኒባሱ ወርደን ምሳ እንብላ ብላት መኪና ላይ ያስመልሰኛል አለችኝ። ጠዋትም ሻይ እንኳ አልቀመሰችም ነበር። እኔ ጥብሴን በላሁ፤ እሷ በር ላይ ቆማ ለሚያልፍ ለማያውቃት ሰው ሁሉ እንዴት ዋላችሁ እያለች ጠበቀችኝ። ከዚያ ባጃጅ ይዘን አቧራ ለብሰን ወንዛዬ ገባን።

ክፍላችንን ብታዩት። ሁለት አልጋ፣ ነጭ አንሶላ፣ በላዩ ላይ ፎጣውን አጣጥፈው ወፍ አስመስለው አስቀምጠውታል። እትዬ ወፏን ቀስ ብላ አንሥታ ወንበር ላይ አሳረፈቻት። እኔ የራሴን ወፍ በታትኜ ፊቴን ስጠርግበት ክፉኛ አየችኝ። እሷ እስክንመለስ ድረስ በነጠላዋ ነው የደረቀችው፤ ወፏ እንደተቀመጠች ቀረች። አልጋውም እንዳይጨማደድ ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው።

ወደ ሴቶቹ ገንዳ ገባን። እኔና ሌሎቹ ሴቶች በውስጥ ልብሳችን ነን፤ እትዬ ግን ቀሚሷን እንደለበሰች፣ አማትባ፣ በስመ አብ ብላ ወረደች። ሦስት ጊዜ ራሷን ነከረች። ሳሙና እንኪ ብላት ቤተ መቅደስ ውስጥ ያፏጨሁ ይመስል ፊቷን አዞረችብኝ። ይህን ሁሉ እያየሁ ምንም አልገባኝም። እንዲያውም ስቄባታለሁ። ውሃው እስከ አንገቴ ደርሶ፣ ወገቤ ፍትት ብሎ፣ የቢሮ ወረቀትና የልጆች ጩኸት ከራሴ ወጥቶ፣ ደንቆሮዋ እኔ በደስታ ተኝቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ቀረበ፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ማርማላታ፣ ሙዝ። እትዬ ግራና ቀኝ አየችና ሰው እያየኝ አይወርድልኝም፣ ክፍል ወስጄ ቀስ ብዬ እበላለሁ ብላ ድርሻዋን በሶፍት ጠቀለለች። እኔ ሁለተኛ ሳህን ላይ ነበርኩ፤ እሺ አልኳት።

ከቁርስ በኋላ ገንዳው ውስጥ ብዙም አልቆየን። እትዬ ጥግ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እኔ ከአንዲት የወረታ ሴት ጋር ስለ ሽንኩርት መወደድ እናወራለን። ድንገት ሴትዮዋ «እህትሽ!» አለች። ዞር ስል የእትዬ ራስ ዘንበል ብሎ፣ አገጯ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

ሦስት ሆነን ጎትተን አወጣናት። ፊቷ አመድ መስሏል። የእኔን ጩኸት የሰማች ማሳጅ ሠሪዋ ከጎን ክፍል ሮጣ መጣች፤ የሐሙሲት ልጅ ናት፣ ክንደ ብርቱ፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ። እትዬን አግዳሚው ላይ አስተኝታ እግሯን ከፍ አደረገችና ምን እንደበላች ጠየቀችኝ። ቁርሷን በልታለች አልኩ፣ ማልኩም። ጋቢ አምጪ ስትለኝ ወደ ክፍል በረርኩ። የእትዬን ቦርሳ ከፍቼ ጋቢውን ስስብ ሶፍቱ አብሮ ወጣ። እንቁላሉ፣ ዳቦው፣ ሙዙ፣ ያቺ ትንሽ ማርማላታ ሳትቀር፣ ሁሉም እንዳለ ነው። አንዲት ጉርሻ አልተነካም።

በአንድ እጄ ጋቢ በአንድ እጄ ዳቦ ይዤ ተመለስኩ። እትዬ ዓይኗን ገልጣ፣ ማሳጅ ሠሪዋ ብርዝ በማንኪያ እየሰጠቻት ነው። መንቃቷን ሳይ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ ያ ጠባዬ መጣ። ልትገድይኝ ነው ወይ፣ ለልጅሽ ሰርግ ሬሳሽን ላደርስላት ነው ወይ፣ ያላልኳት የለም። እሷ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ዳቦውን ከእጄ ወስዳ ሶፍቱን መልሳ እየጠቀለለች፣

«ቁርስ በልቼ፣ ነጭ አንሶላ ላይ ተንጋልዬ ስመጣ፣ ውሃው ለሽርሽር የመጣሁ እንዳይመስለው ብዬ ነው» አለች።

የመኪናው ማስመለስ፣ ቀሚሱ፣ ሦስት ጊዜ መነከሩ፣ ሳሙናው፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ጠበል ነው የያዘችው። ጠበል በባዶ ሆድ ነው፣ ሳሙናና ቅባት አይነካም፣ ይህንን ያስተማረችኝም ራሷ ናት። ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ሲይዘኝ ጎሕ ሲቀድ አዝላ ጠበል ያደረሰችኝ፣ እኔ እንዳልጾም ሕፃን ነች ብላ የእኔንም ጾም እሷ የጾመችልኝ ናት። በዕድሜዋ ለሽርሽር የትም ሄዳ አታውቅም። ለቅሶ ሄዳለች፣ ሰርግ ሄዳለች፣ ገበያ ሄዳለች። እንዲሁ ደስ እንዲላት የሄደችበት አንድ ቦታ ቢሉኝ አላገኝም። እዚያው አግዳሚው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ወዲያው ደግሞ ማርማላታዋን ሳይ ሳቄ መጣ።

ማሳጅ ሠሪዋ አልሳቀችም። እትዬ አጠገብ ተንበርክካ እንዲህ አለቻት፦

«እማማ፣ ጠበሉን ከቤተ ክርስቲያን ጾመው ይጠመቁ። ይኼ ፍል ውሃ ነው፣ አቅም ያሳጣል፣ ሳይበሉ አይገቡበትም። ለሽርሽር የመጣንም ሰው ቢሆን እግዜር ያየዋል።»

እትዬ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ የቄስ ልጅ ትሆን እንዴ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። መልሴንም አልጠበቀችም። እንቁላሉን ላጠች፣ በላች፤ ሁለተኛውንም ደገመች። ዳቦውን ማርማላታ ቀብቼ ሰጠኋት። ከዚያ ሻይ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች፣ ስኳር በዛ ያለበት።

ከሰዓት በኋላ ማሳጅ ገባች፤ እኔም ጥግ ወንበር ተሰጠኝ። አልጋው ለፊት ማስገቢያ ቀዳዳ አለው። እትዬ ተደፍታ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ወለል ለማየት ነው ወይ አለች። ማሳጅ ሠሪዋን «ወጌሻዬ» ብላ ሰይማታለች፤ ትከሻዋ ሲታሽ አገሯን፣ ወላጆቿን፣ ማግባት አለማግባቷን ጠየቀቻት። አለማግባቷን ስትሰማ የሚሆናትን ሰው ከእኛ አገር መፈለግ ጀመረች። ትከሻዋ ላይ ጠንከር ሲልባት ግን ወሬው ይቆማል፤ ጥርሷን ነክሳ አልጋውን ትጨብጣለች።

ወጌሻዋ ይህን አይታ ማሸቷን አቆመች። ይኼ እጅ ደህና ሳለ ምን ነበር የሚሠራው ብላ ጠየቀች። እትዬ ከበሮ አለች። ልጅቷ ይህን ስትሰማ አልጋውን ይምቱልኝ፣ እኔ በምትዎ ልክ አሻለሁ አለቻት። እትዬ በጣቶቿ ጫፍ ጀመረች፤ ቀስ ያለ፣ የሙሽራ ማስገቢያ ምት። ወጌሻዋ በምቱ ልክ ታሻለች። ምቱ ከጣት ወደ መዳፍ፣ ከመዳፍ ወደ ክንድ ወጣ። ጥርሷን መንከስ እንኳ ረሳች። ትንሽ ቆይቶ ምቱ ቆመ፤ ምን ሆነች ብዬ አጎንብሼ በቀዳዳው ሳያት ታንኮራፋለች። እትዬን በቀን ተኝታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ጥርሷ ሳይገጥም፣ ፊቷ ልጅ መስሎ፣ ሲያዩዋት ደስ ትላለች።

በነገታው ልንመለስ ነበር። ጠዋት ልብሴን ሳጣጥፍ እትዬ መስኮቱ ጋ ቆማ የጉማራን ወንዝ ታያለች። ሁለት ቀን ለፍል ውሃ አይሆንም፣ ሲሆን ሦስት ነው አለች። አልተከራከርኳትም። ያን ዕለት ቁርስ ላይ ጠረጴዛ መርጣ ተቀመጠች፤ ከኩሽና ላመጣችላት ሴት እግዜር ይስጥልኝ አለች፤ ቀስ ብላ፣ ሰው እያያት፣ ሳህኗን ጨረሰች። ገንዳውም ውስጥ ያልተቀባችው ሳሙና አልነበረም። ከሰዓት ሴቶቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ፀጉራቸውን ሲያደርቁ አንዲቷ ቢጫ ጀሪካን ገልብጣ መምታት ጀመረች። ምቱ ተበላሸባት። እትዬ ይህን ማለፍ አይሆንላትም። ጀሪካኑን ተቀብላ ጭኗ መሐል አደረገች፤ ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ ባይወጣም፣ ከደረቷ በላይ ወጣ። የወረታዋ ሴት ተነሥታ ትከሻዋን ሰበቀች። እኔ እልልታዬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ አቀለጥኩት።

«ዛሬስ ለሽርሽር ነው» አለች እትዬ፣ ሳትሸማቀቅ።

ሰርጉ እስኪደርስ ወጌሻዋ እንዳሳየቻት ጠዋትና ማታ የአልጋዋን ጠርዝ ስትመታ ሰነበተች። በሰርጉ ቀን ከበሮውን ከግድግዳ ያወረድኩት፣ ማንገቻውን አንገቷ ላይ ያጠለቅኩላት እኔ ነኝ። ሦስት ዘፈን መታች፤ አረፈች፤ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ዳሱ በር ሲደርስ ተነሥታ እንደገና መታች። ልጇ በቬሏ ሥር እያለቀሰች ትስቃለች። እትዬ አላለቀሰችም። ላብ በግንባሯ እየወረደ፣ ዓይኗን ልጇ ላይ ተክላ፣ የሀገሩን ሰው ሁሉ ታስጨፍራለች። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የራሴን ሰርግ ጨምሬ ነው የምለው።

ዐቢይ ጾም ገባ፣ ፋሲካ ሆነ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። አንድ ቀን ቢሮ ሳለሁ እትዬ ደወለች። ቀኝ እጄ ተመስገን ደህና ነው አለች። ቀጥላም ግራዬን ግን ትንሽ ሳያመኝ አልቀረም አለች። የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ብላት ቆይ የት ልበልሽ፣ እንዲያው ዝም ብሎ ነው አለችና፣ ሳልጠይቃት አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም ጾም እንደሌለ ነገረችኝ። ሳቄን ውጬ፣ ሦስት ቀን ይበቃናል ወይ አልኳት። ሲሆን አምስት ነው አለች። እሺ ብዬ ስልኩን ልዘጋ ስል ጠራችኝ።

«ቁርሱ ግን» አለች፣ «አሁንም አብሮ ነው?»