ጳጳሱ ለእሷ የነገሯት

ኮቪድ በገባበት ዓመት፣ ሰመር ላይ፣ የምሠራበት የሆም ኬር ኤጀንሲ ኮል አደረገልኝ። ብሌንደን ታውንሺፕ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ የአንግሊካን ጳጳስ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ የጠዋቱን ሺፍት ትወስጃለሽ ወይ? ሳላቅማማ እሺ አልኩ። እኔ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ስመራ ሃያ ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ። እግዚአብሔር የራሱን አገልጋይ እንድንከባከብ መረጠኝ ብዬ፣ ከምኖርበት ከፎረስት ፓርክ እስከዚያ ድረስ መኪና ውስጥ እየዘመርኩ ነው የሄድኩት።

ጳጳሱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ሌላ ስቴት ትኖራለች፤ በበሽታው ምክንያት መምጣት አልቻለችም። እስከ ምሳ ድረስ እኔ አለሁ። ከምሳ በኋላ የምትተካኝ ሌላ ኢትዮጵያዊት ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ዕድሜዋ የኔን ግማሽ ቢሆን ነው።

ሳጥባቸው፣ ሳለብሳቸው፣ ዎከራቸውን ተደግፈው ሳራምዳቸው ስለ ሕይወታቸው እጠይቃቸው ነበር።

"እንዴት ጳጳስ ሆኑ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"መረጡኝ" አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

በቃ፣ ይኸው ነው። እኔም ዝም እንዳይባል ጥቅስ እጠቅስላቸዋለሁ፤ ትከሻቸው ላይ እጄን ጭኜ ረጅም ጸሎት እጸልይላቸዋለሁ። "አሜን፣ አመሰግናለሁ" ይላሉ በትሕትና። ዓይናቸውን ሲገልጡ ግን የሚያዩት መስኮቱን ነው።

አንድ ቀን ከወጣሁ በኋላ መነጽሬን ረስቼ ተመለስኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሲስቁ ሰማኋቸው። ከእኔ ጋር አንድም ቀን ስቀው አያውቁም። በማግስቱ ልጅቷ ልትተካኝ ስትመጣ፣

"ትናንት ምን ነግረውሽ ነው እንደዚያ የሚስቁት?" አልኳት።

"ውይ እትዬ! ጎረምሳ እያሉ ዳቦ በመኪና ያከፋፍሉ ነበር አሉ። ዝናብ ሲመጣ የመኪናውን በር ሳይዘጉ ሮጠው አንድ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ቄሱ ብቻቸውን ለባዶ ወንበር ሲቀድሱ አይተው ደንግጠው ቀሩ። ሲወጡ ዳቦው በስብሶ ጠበቃቸው። ከሥራ ተባረሩ፤ ቄስ የመሆን ሐሳብ የመጣባቸውም ያን ቀን ነው አሉኝ።"

ቦርሳዬን አንስቼ ሳልሰናበታት ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አዲስ ነገር ነበራት። የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት መንደር ቄስ እንደነበሩ፣ ኡጋንዳ ስድስት ዓመት እንዳገለገሉ፣ ጳጳስ የሆኑ ቀን ባርኔጣው ሰፍቷቸው ጆሯቸው ላይ እንደወረደ። ሁሉንም እሷ ታውቃለች። ቤት ገብቼ ለባሌ፣ "ወንጌል የማታውቅ ልጅ! ከእሷ ጋር ምን የሚያገናኛቸው ነገር አለ?" እለዋለሁ።

"እሳቸው ደስ ካላቸው አንቺ ምን ቸገረሽ?" ይለኛል። ቅናት ነው አላለኝም፤ ቢለኝም አልሰማውም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ሆን ብዬ ተመለስኩ። በመስኮት ሳይ ጳጳሱ ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ልጅቷ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ትሰግዳለች። በመካከላቸው ጥቂት እርምጃ ነው። ወደ መኪናዬ ተመልሼ ለኤጀንሲያችን ሱፐርቫይዘር ደወልኩ።

"እየሰገደች ብቻቸውን ትተዋቸዋለች። ቢወድቁስ?"

በሩ ክፍት እንደነበር አልነገርኳትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷን ከስኬጁል አወጧት፤ ሁለቱንም ሺፍት እኔ ወሰድኩ። የመጀመሪያው ቀን ጣፈጠኝ።

"ያቺ ልጅ የት ሄደች?" አሉኝ።

"አላውቅም" አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ምግባቸውን ከግማሽ በላይ ተዉት። በአራተኛው መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት፣ "እባክሽ ዝጊው" አሉኝና ከዚያ በፊት ከነገሩኝ ሁሉ የበለጠ በአንድ ጊዜ ተናገሩ።

"ጳጳስ ሆኜ ብዙ የሠራሁት ሥራ ቤተ ክርስቲያን መዝጋት ነው። ሰው ያንሳል፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ በመጨረሻ ሄጄ ቁልፉን እረከባለሁ። አንዲት አሮጊት ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ 'ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው ልትዘጋብን ነው?' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት እጸልያለሁ፤ ብቻዬን ግን አልሆንልህ አለኝ። ለልጅቷ ደውዬላት ነበር፤ ስትሰግድ ብቻዬን ትተወኛለች ተብላ ነው የወጣችው። በሩን ክፍት እንድትተወው የለመንኳት ግን እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አብሬያት እጸልይ ነበር።"

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ የታጠፈውን ፎጣ እንደገና ሳጥፍ ቆየሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት ነው ብል ደስ ባለኝ። አልነበረም። በጸሎት የታወቅኩት እኔ፣ እንዲጸልዩ የረዳቻቸው ግን እሷ! ጸጸቱ የመጣው ሳህናቸውን ሳነሳ፣ ያልተነካውን ምግብ ሳይ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ጋ ደውዬ ያስቀረሁትን ነገርኳት። ተቆጣችኝ፣ ዋርኒንግም ጻፈችብኝ። ልጅቷ ሰኞ ተመለሰች።

መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኳት።

"የከሰስኩሽ እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ እትዬ። ከእርስዎ በቀር እዚህ ቤት ማን ይመጣል?"

"ታዲያ ለጳጳሱ ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ሲደውሉልኝ ልነግራቸው ነበር፣ ወላሂ። በጣም ተናድጄ ነበር። ቢያውቁ ግን እርስዎን ያስወጣሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከእርስዎ ሌላ ሰው እንዲያጥባቸው አይፈልጉም።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ወዲያው "ይቅር ብያለሁ" አላለችኝም። ጭንቅላቷን ነቅነቅ አድርጋ ገባች። ከሳምንታት በኋላ ነው ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልላ የሰጠችኝ።

ጳጳሱ በሚቀጥለው ስፕሪንግ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ሰው በርቀት ነበር የሚያስቀምጠው። ልጃቸው የወሎዋን ልጅ ከቤተሰቡ ኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻት፤ የእኔ ቦታ በሩ አጠገብ ነበር። በእሳቸው ቦታ የተተኩት ጳጳስ የሕይወት ታሪካቸውን አነበቡ፦ የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ የተሾሙበት። ስለ ዳቦው የለም። ስለ ቁልፎቹም የለም። ከፊት የወሎዋ ልጅ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በለቅሶዋ እንኳን ቀናሁባት።

ስንወጣ የጳጳሱ ልጅ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ማስኳ በእንባ ርሶ ነበር።

"አባቴ ስለ አንቺ ይነግረኝ ነበር። 'እሷ ስታጥበኝ ምንም አያመኝም' ይል ነበር።"

አመሰገንኳት። የበለጠ እንድትለኝ ፈልጌ ትንሽ ቆምኩ፤ አልጨመረችም። የወሎዋን ልጅ ወደ ቤቷ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። እሷ ግን ከአዲሱ ጳጳስ ጋር ወሬ ይዛለች። እሳቸው ጎንበስ ብለው ይሰሟታል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ሞተሩን አስነስቼ፣ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።