ሞተሩ የት ይቀመጥ

ወንድሜ አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ወርውሮ ቅንድቤን የፈነከተኝ፣ ሞተሩ ከፊት ይሁን ከኋላ በሚል ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "በር መታኝ" እላለሁ። በሞተር ተጣልተን ነው ብል ማን ያምነኛል?

ኤድመንተን ውስጥ፣ መጋዘኖች በተደረደሩበት ግቢ፣ ጠባብ ጋራዥ አለችኝ። መካኒክነትን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። አውቶቡስ ማደሪያ ሳጸዳ ሠራተኞቹ ሲፈቱና ሲገጥሙ እያየሁ፣ የተጣሉ የጥገና መጻሕፍት እየገለጥኩ፣ ብዙ ነገር እያበላሸሁ ነው። ዛሬ የሐበሻው መኪና ግማሹ እኔ ጋ ይመጣል። ግማሹ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ "ባለጋራዡ የለም?" ይልና ይመለሳል።

አንድ ደንበኛዬ አገር ለቆ ሲሄድ ያልተጨረሰ የስፖርት መኪና ሰጠኝ። መኪና ለማለት ይከብዳል፤ የቀጭን ቱቦ አጽም፣ ሁለት ወንበርና አራት ጎማ ነው። ጣሪያ የለው፣ በር የለው፤ አራት ሰው ተጋግዞ ያነሳዋል። ሞተር አልነበረውም። አጽሙም ገና ስላልተዘጋ፣ ሞተሩን ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከመሃልም ማስገባት ይቻል ነበር። ታናሽ ወንድሜ የታሸገ ዕቃ በቫን በየቤቱ ያድላል፤ ገና ሲያየው "ጨርሰን ውድድር እገባበታለሁ" አለ። እኔም እንደ ልጅ ፈነደቅሁ። ከአንድ የተጋጨ መኪና ትንሽ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ፈታን። ከዚያ የት እናስቀምጣት ሲባል ጸቡ መጣ።

እሱ "ከኋላ ጎማው በስተኋላ ትንጠልጠል" አለ። "ክብደቷ ጎማውን ይጫነዋል፣ ሲነሳ እንደ ጥይት ነው።" ውሸት የለበትም። እኔ ግን "ከፊት" አልኩ፤ ወንድሜን አውቀዋለሁና። ሲደነግጥ እግሩን ከነዳጁ ላይ እሳት እንደነካው ሰው መንጭቆ ነው የሚያነሳው። አንድ ቀን በዝናብ በቫኑ አብሬው ስሄድ፣ መታጠፊያው ላይ አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ እየገፋች ብቅ አለች። እግሩን መነጨቀ። ከኋላ የተጫነው ዕቃ ቫኑን አሽከርክሮ ከብረት አጥር ጋር አላተመን፤ መስታወቱ ጭኔ ላይ ረገፈ። መታጠፊያ ላይ እግር በድንገት ከተነሳ ክብደት ወደ ፊት ይሄድና የኋላው ጎማ መሬቱን ይለቃል። ከባዱ ነገር ከኋላ ከሆነ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ዞሮ ይቀድማል። ቫን እንዲህ ካደረገ፣ አራት ሰው የሚያነሳው መኪና ሊገድለው አይደል?

ይህንኑ ነገርኩት። እሱ የሰማው ግን ሌላ ነው።

"ፈሪ ነህ ነው የምትዪኝ?"

"ትደነግጣለህ ነው ያልኩህ።"

"ሽንት ቤት ስትጠርጊ የተማርሽውን ነው የምታስተምሪኝ?"

"አንተስ ካርቶን ስለተሸከምክ ሹፌር ሆንክ?"

መፍቻው መጣ። ደሜ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ሌላኛውን ጉንጬን አላዞርኩለትም፤ መዶሻውን አንስቼ ጭኑን አልኩት። እሱ ሁለት ሳምንት አነከሰ፣ እኔ አምስት ስፌት ይዤ ዞርኩ።

ወሬው ጸሎት ቤት ደረሰ። ሐበሻ ባለበት አስታራቂ አይጠፋም፣ ሁለት ሰው መጡልን። አንደኛው የኛው ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው፤ በወጣትነታቸው አሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ነድተዋል። ጋራዤ ውስጥ ወንበር ስለሌለ በተደራረበ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

"ማን በደለ፣ ማን ተበደለ አንልም" አሉ ጋሼ። "አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"ከፊት እንዲሆን ነው፣ ጋሼ።"

"አንተስ?"

"ከኋላ።"

ሁለቱ ተያዩ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ እሷም ትንሽ ወደ ኋላ ትበል፣ አንተም ትንሽ ወደ ፊት በል። መሃል ይሁን።"

"መሃል ጥሩ ነው" አሉ ጋሼ፣ ወደ አጽሙ ሳያዩ። "ማንም አልተሸነፈም።"

የወንድሜ ፊት በራ፤ ግድግዳው ላይ የለጠፋቸው የውድድር መኪኖች ሁሉ ሞተራቸው መሃል ነው፣ ከሹፌሩ ጀርባ። እኔ ግን እግሩን አየሁ። መሃል ለተገራ እግር ነው። ክብደቱ ሁሉ ወገቡ ላይ ስለሚሰበሰብ መኪናው እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ሲያዙትም፣ ሳያዙትም። አንዴ ከጀመረ መሪ ለመመለስ ፋታ አይሰጥም። ይህን መናገር ነበረብኝ። ግን ሽማግሌ የፈረደውን እምቢ ማለት፣ ያውም ሴት ሆኜ፣ ያውም ያበጠ ፊት ይዤ! ደግሞ ወንድሜ ናፍቆኝ ነበር። "እሺ" አልኩ። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስመን፣ እርስ በርስ ተቃቅፈን ተነሳን። ከአፌ ከወጣው ቃል ሁሉ የማፍረው በዚያች "እሺ" ነው።

ብርዱን ሙሉ ሠራን፤ አጽሙንም ቀይ የፋይበር ገላ አለበስነው። መሥራቱን አሳምሬ ሠራሁት፤ የውሃ ማቀዝቀዣው ከፊት፣ ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ፣ የሞቀውን ውሃ የሚያመላልሱት ቱቦዎች በሹፌሩ ጎን። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ መጋዘኖቹ ሁሉ ዝግ ሳሉ፣ ዘበኛው ፈቅዶልን ግቢው ውስጥ ልንሞክረው አወጣነው። ጋሼ ሊመርቁን መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እያካፋ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ወንድሜ መሪውን የሚነካው በጣቱ ነው፣ መኪናው ግን ልቡን ያነበበ ይመስል ይታጠፋል። እልል አልኩ። በሦስተኛው ዙር፣ መታጠፊያው ላይ እያለ፣ አንድ ቫን በበሩ ገባ።

እግሩን አላየሁትም። ትከሻው ሲሰበሰብ ግን እግሩ ምን እንዳደረገ አወቅሁ። መኪናው ባለበት አንድ ዙር ተኩል ሾረና ጀርባውን ከብረት ኮንቴይነር ጋር አላተመው። ቀዩ ገላው እንደ ሸክላ ተሰባብሮ በየአቅጣጫው ተበተነ። ሞተሩ ወንበሩን ገፍቶ ወንድሜን ከመሪው ጋር አጣበቀው፤ የፈነዳው ቱቦ የፈላ ውሃ ጎኑ ላይ ለቀቀበት። ሰው እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ቀበቶውን በቢላ ቆርጬ ስጎትተው፣ ሸሚዙ ከነቆዳው ተነሳ።

አምቡላንሱ ይዞት ሲሄድ ጋሼ ኮፍያቸውን ጨምድደው እንደያዙ ነበር።

"እኔ አውቅ ነበር" አሉ። "ስንት ዓመት ነድቻለሁ፣ የተጫነ መኪና ምን እንደሚያደርግ አይጠፋኝም። ሽምግልናው እንዳይፈርስ ብዬ ነው መሃል ያልኩት።"

"እኔም አውቅ ነበር፣ ጋሼ።"



የወንድሜ ሦስት የጎድን አጥንትና የቀኝ እጁ አንጓ ተሰብሯል፣ ጎኑ ተቃጥሏል። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ማንንም ሳልጠይቅ ብረት መቁረጫውን ግራይንደር አነሳሁ። ሽማግሌ የፈረደበትን አጽም ወገቡ ላይ ቆረጥኩት። ፍንጣሪው አንገቴ ላይ እየወደቀ፣ ጋሼንም ወንድሜንም ራሴንም እየሰደብኩ ቆረጥኩ። ከዚያ ሞተሩን ከፊት ጎማዎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ አስቀመጥኩ። ካምቢዮ ለወጥኩ፣ ኃይሉን ለኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አሳለፍኩ።

ወንድሜ እጁ በጀሶ ተጠቅልሎ መጣና አየው። በተቆረጠው ወገብ ዙሪያ አንዴ ዞረ። ከዚያ በግራ እጁ የጎማ ማውለቂያ ብረቱን አንስቶ ያገኘውን ሁሉ ፈጀው፤ መብራቱን፣ የዘይት ጣሳውን፣ የአንድ ደንበኛ መኪና መስታወት። ወደ ሞተሩ ሲዞር ፊቱ ቆምኩ።

"ዞር በዪ!"

"አልዞርም።"

"ለሰው ሁሉ ፈሪ ነው በዪኛ! ጨርሺው!"

"እኔም እደነግጣለሁ! ያን ቀን ቫኑ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጮህኩት። የማይደነግጥ ሰው ካወቅህ አምጣውና ሞተሩን መሃል እሠራለታለሁ። አንተን ግን አልቀብርህም!"

ብረቱን አወረደው። ጠረጴዛውን ሊመታ ነበር፤ እኔ ግን እጄን እዚያ ላይ ተደግፌ ነበር። የትንሿ ጣቴ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሁለታችንም ሰማነው። ብረቱ ከእጁ ወደቀ። መሬት ተቀምጦ፣ ጎኑን በጀሶው ደግፎ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ጣቴን አቅፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። 

እጁ ሲድን በዚያው ግቢ መኪናውን በዝናብ ሞከረው። ቫን አልገባም፤ እኔ ነኝ ሆን ብዬ መታጠፊያው ላይ ባዶ በርሜል ያንከባለልኩበት። ትከሻው ተሰበሰበ። እግሩን መነጨቀ፣ እንደ ሁልጊዜው። የመኪናው ኋላ መንሸራተት ጀመረ፣ ግን በቀስታ፣ እያስጠነቀቀ፤ መሪውን ሊመልስ ፋታ አገኘ፣ መለሰውም። ከበርሜሉ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆመ።

ላቡ ከዝናቡ ጋር እየወረደ ጮኸብኝ።

"ልትገዪኝ ነው? ደግሞ ይሄ መኪና ነው? የሚታጠፈው እኮ ተለምኖ ነው! በሬ ነው የሠራሽልኝ!"

"በሬም ቢሆን ያስቆምሃል" አልኩት፣ በርሜሉን እያነሳሁ። "ድገመው።"